የነገሌ ቦረናው ፓምፕ እና የመለዮ ለባሹ አቤቱታ

ጥያቄ፦ «አባቴ በ1966 ዓ.ም. የብሔራዊ ጦር ወታደር ነበር። ‹የንጉሡን መንግሥት የጣለው አንድ የተበላሸ የውሃ ፓምፕ ነው፤ ደመወዛችን ቶሎ ቢጨመርልን ኖሮ አብዮት የሚባል ነገር ባልመጣ ነበር› እያለ ይነግረን ነበር። ይህ ምን ያህል እውነት ነው? ታናሽ ወንድሜ አሁን ፖሊስ ነው፤ መለዮ ለባሽ ቅሬታ ሲኖረው በዝምታ ከመቀመጥና ከማመፅ ሌላ ምን መንገድ አለው?»

ምላሽ፦

ፓምፑ እውነት ነው። ጥር 4 ቀን 1966 ዓ.ም. በሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት፣ ነገሌ ቦረና ሰፍሮ የነበረው የብሔራዊ ጦር (ከመደበኛው ጦር በተጨማሪ የነበረው ተጠባባቂ ጦር) አራተኛ ብርጌድ ወታደሮች መኮንኖቻቸውን አሰሩ። ምግቡ የማይበላ፣ ውሃው የማይጠጣ ሆኖባቸው ነበር፤ የወታደሩ ፓምፕ ተበላሽቶ ሳለ መኮንኖቹ ከራሳቸው ጉድጓድ እንዲቀዳ አልፈቀዱም። ነገሩን እንዲያበርዱ ከአዲስ አበባ የተላኩት የምድር ጦር አዛዥ ሌተና ጄኔራል ድረሴ ዱባለም ተያዙና ወታደሩ የሚበላውን እንዲበሉ፣ የሚጠጣውንም እንዲጠጡ ተደረጉ። የአባትዎ ትረካ እስከዚህ ድረስ ከታሪኩ ጋር ይስማማል። ስሕተቱ ያለው ከፓምፑ በተወሰደው ትምህርት ላይ ነው።

የጄኔራሉን ምሳ ብዙ ሰው እንደ ቀልድ ያወራዋል፤ እኔ ግን ከድርጊቱ ሁሉ ዋናውን ነገር የሚናገረው ይህ ይመስለኛል። ወታደሮቹ ያን ዕለት ከጄኔራሉ በመጀመሪያ የፈለጉት ገንዘብም ሥልጣንም አልነበረም፤ ችግሩን መፍታት ከሚችሉት ሰዎች አንዱ በምላሱ እንዲቀምሰው ነበር። ይህን ለማስረዳት አንድን ሌተና ጄኔራል እስከ መያዝ መድረሳቸው፣ ከዚያ በፊት የነበረው የአቤቱታ መንገድ ሁሉ ተዘግቶ እንደነበር ያሳያል። በጊዜው ወታደር ቅሬታውን የሚያቀርበው ለቅርብ አለቃው ነበር፤ የነገሌው ወታደር የቅርብ አለቃ ደግሞ ጉድጓዱን የዘጋበት ራሱ መኮንኑ ነው። ከሳሽ አቤቱታውን ለተከሳሹ እንዲያቀርብ በሚገደድበት ሥርዓት ቅሬታ ወደ ላይ አይወጣም፤ ባለበት ይከማቻል። ወታደር መጥፎ ምግብንና ጥማትን በጦር ሜዳ ለዓመታት ሲታገሥ ኖሯል። አለቃው አብሮት እንዳልተጠማ ያየ ቀን ግን ታዛዥነቱ ይሰበራል።

የአቤቱታው መንገድ መዘጋት የመንግሥት የመጀመሪያ ስሕተት ከሆነ፣ ሁለተኛው ለነገሌው አድማ የሰጠው ምላሽ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ቅሬታው እንደሚታይ ቃል ገቡ፣ አድመኞቹ አልተቀጡም፣ ጉዳዩም ከሕዝብ እንዲደበቅ ተፈለገ። ምሕረቱ በራሱ ክፉ አልነበረም። ሆኖም ቅሬታው በሕግ ተመርምሮ ውሳኔው በይፋ ስላልተገለጸ፣ ወሬው በጦሩ የመገናኛ መስመሮች ወደ ሌሎች ክፍሎች ሲዛመት አንድ መልእክት ብቻ ይዞ ሄደ፤ እርሱም መኮንንን መያዝ እንደሚያዋጣ ነው። በየካቲት ወር የደብረ ዘይት አየር ኃይል የበታች ሹማምንትና ቴክኒሺያኖች ተነሱ። በዚያው ወር በአዲስ አበባ መምህራንና የታክሲ ነጂዎች አድማ መትተው ነበር፤ የቤንዚን ዋጋ ንሯል፣ የትምህርት ሥርዓቱ ማሻሻያ ጥናት መምህራኑን አስቆጥቷል፣ የወሎው ረሃብ ደግሞ ከተደበቀበት ወጥቶ የሁሉም መነጋገሪያ ሆኗል። የካቲት 18 ቀን በአስመራ የሁለተኛው ክፍለ ጦር ወታደሮች ከተማዋንና የሬዲዮ ጣቢያውን ያዙና ጥያቄያቸውን በአየር ላይ አሰሙ። ከሁለት ቀን በኋላ የጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ሥልጣኑን ለቀቀ። ልጅ እንዳልካቸው መኮንን ሲሾሙ ከነገሌው አድማ ሁለት ወር እንኳ አልሞላም ነበር።

አሁን ወደ ደመወዙ እንምጣ። «ቶሎ ቢጨመርልን ኖሮ» የሚለው አስተያየት ከታሪኩ ጋር ይጋጫል፤ ጭማሪው ተሰጥቷልና። የታኅሣሥ 1953ቱ የክብር ዘበኛ መፈንቅለ መንግሥት ከከሸፈ በኋላ ጦሩ የደመወዝ ጭማሪ ጠይቆ አግኝቷል፤ በየካቲት 1966ም የመጀመሪያው ጭማሪ የተነገረው ሁለተኛው ክፍለ ጦር አስመራን በያዘበት ሰሞን ነው፤ ከዚያም ሌላ ጭማሪ ተከተለ። አንዱም እሳቱን አላጠፋውም። ምክንያቱ የሰው ልጅ አይጠግብም የሚለው ተረት አይደለም። መንግሥት አስቦና በጀት ይዞ በራሱ ጊዜ የሚሰጠው ደመወዝ የአገልግሎት ዋጋ ነው፤ አፈሙዝ ተደግኖበት የሚሰጠው ግን የአፈሙዙ ዋጋ ይሆናል። ሁለተኛውን የተቀበለ ወታደር ከገንዘቡ በላይ የሚያውቀው ነገር የመንግሥትን ድክመት ነው፤ በማግሥቱ ጥያቄው ከደመወዝ ወደ ሚኒስትሮች ጥፋት፣ ከሚኒስትሮቹም ወደ ዙፋኑ ያድጋል። በ1966 የሆነውም ይኸው ነው።

እዚህ ላይ እንደ ዋና የምቆጥረውን ነጥብ ልናገር። ፓምፑ በታኅሣሥ ወር ተጠግኖ ቢሆን ኖሮም አብዮቱ ይቀር ነበር ብዬ አላምንም። የመሬት ጥያቄ፣ ረሃቡ፣ የተማሪው እንቅስቃሴና የንጉሡ እርጅና ከጦር ሰፈር ውጭ የበሰሉ ጉዳዮች ነበሩ። የተበላሸው ፓምፕ ለአብዮቱ የሰጠው ነገር ሌላ ነው፤ ወራሹን ወሰነለት። ተማሪው፣ መምህሩና ሠራተኛው ገና ሳይደራጁ፣ በየክፍሉ መኮንኖቹን ማሰርና ተወካይ መምረጥ የለመደ፣ የሬዲዮ መገናኛ ያለው፣ መሣሪያ የታጠቀ አንድ አካል ብቻ ተገኘ። በመጋቢት ወር የአየር ወለዱ አዛዥ ኮሎኔል ዓለም ዘውድ ተሰማ ከላይ ያደራጁት ኮሚቴ እንቅስቃሴውን ለመግታት ሞክሮ ነበር፤ ሆኖም የበታቹ ወታደር በከፍተኛ መኮንኖች ላይ ያለው እምነት ተሟጥጦ ስለነበር ዘላቂ አልሆነም። ሰኔ 21 ቀን 1966 ዓ.ም. በአራተኛ ክፍለ ጦር ግቢ የተሰበሰበው የጦር ኃይሎች፣ የፖሊስ ሠራዊትና የብሔራዊ ጦር አስተባባሪ ደርግ አባላቱን ያሰባሰበው ከተራ ወታደር እስከ ሻለቃ ካሉት ማዕረጎች ነው፤ ጄኔራሎችና ኮሎኔሎች አልተጨመሩም። በስሙ ውስጥ ፖሊስና ብሔራዊ ጦር መኖራቸውንም ልብ ይሏል። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱን ያወረደው ይህ አካል ነው።

አድማ ለወታደሩ ራሱ ምን እንዳተረፈለት ብዙ ጊዜ አይጠየቅም። በሥልጣን ላይ የወጣው ደርግ የወታደር አቤቱታ ምን እንደሚያመጣ ከማንም በላይ ስለሚያውቅ፣ ደጁን ከቀድሞው ይበልጥ አጥብቆ ዘጋው። መስከረም 27 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ ንጉሡ ከወረዱ ወር ሳይሞላ፣ ሲቪል መንግሥት እንዲቋቋም የጠየቁት የመሐንዲስ ጦር አባላት ሰፈራቸው በኃይል ተያዘ፤ የሞቱም አሉ። በየካቲት 1980 ዓ.ም. በኤርትራ ግንባር የነበረው የናደው ዕዝ አዛዥ ብርጋዴር ጄኔራል ታሪኩ ዓይኔ ተረሸኑ፤ በቀጣዩ ወር የዕዙ መቀመጫ የነበረችው የኤርትራዋ ከተማ አፍአበት በሻዕቢያ እጅ ወደቀች። ግንቦት 8 ቀን 1981 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት መንግሥቱ ወደ ምሥራቅ ጀርመን ሲሄዱ የሀገሪቱ ከፍተኛ ጄኔራሎች መፈንቅለ መንግሥት ሞከሩ። ሙከራው ከሸፈ፤ ኤታማዦር ሹሙ ሜጀር ጄኔራል መርዕድ ንጉሤና የአየር ኃይሉ አዛዥ ሜጀር ጄኔራል አምሃ ደስታ ራሳቸውን አጠፉ፣ በአስመራ ሜጀር ጄኔራል ደምሴ ቡልቶ ተገደሉ፣ በዓመቱ ደግሞ አሥራ ሁለት ጄኔራሎች ተረሸኑ። በዚህ ሁሉ ዓመት የተራው ወታደር ቅሬታ በሰልፍም በአዋጅም አልተሰማም። እጅ በመስጠት፣ በመጥፋት፣ ግዳጅን በልብ ሳይሆን በእግር ብቻ በመፈጸም ግን ይገለጥ ነበር። ስለዚህ ከጦር ሰፈር አቤቱታ የማይደርሰው አዛዥ ደስ ሊለው አይገባም። ያለ ፈቃድ የሚቀሩትን፣ ወደ ሕክምና የሚላኩትንና የጠፉ የጦር መሣሪያዎችን መዝገብ ቢያገላብጥ፣ የታፈነውን ቅሬታ እዚያ ተጽፎ ሊያገኘው ይችላል።

ለቅርቡ ዘመን የሚጠቀሰው የመስከረም 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ክስተት ነው። ከሁለት መቶ የሚበልጡ ወታደሮች፣ የተወሰኑትም ከነመሣሪያቸው፣ ወደ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት ሄዱ፤ ደመወዝና ጥቅማ ጥቅም ከጥያቄዎቻቸው መካከል ነበሩ። ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ አነጋገሯቸው፣ ፑሽአፕም አሠሯቸው፤ ያን ምስል ያላየ ሰው ጥቂት ነው። ብዙዎች የማያስታውሱት የታሪኩን መጨረሻ ነው። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ከቀናት በኋላ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ድርጊቱ ለውጡን ለማደናቀፍ የታለመ እንደነበር ተናገሩ፤ ከሁለት ወር ገደማ በኋላም የጦር ፍርድ ቤት በ66 ወታደሮች ላይ ከ5 እስከ 14 ዓመት እስራት ፈረደ። ይህን የማነሣው ፍርዱን ለመተቸትም ለመደገፍም አይደለም። በፈገግታ የተጀመረ ውይይት የሕግ ተጠያቂነትን እንደማያስቀር ለወንድምዎና ለመሰሎቹ ግልጽ እንዲሆን ነው። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 30 የመሰብሰብ፣ የሰላማዊ ሰልፍና አቤቱታ የማቅረብ መብትን ሲደነግግ «መሣሪያ ሳይዝ በሰላም» የሚል ቅድመ ሁኔታ አስቀምጧል። ጠብመንጃ አንግቶ የቀረበ ሰው፣ ጥያቄው የቱንም ያህል ትክክል ቢሆን፣ ከዚህ ጥበቃ ውጭ ነው።

የፖሊስ ጉዳይ ከወታደር በአንድ መሠረታዊ ነገር ይለያል። ወታደር በካምፕ ተሰብስቦ ይኖራል፤ ቅሬታው በአንድ ጊዜ ይፈነዳል። ፖሊስ በየጣቢያው ተበትኖ፣ ከሕዝቡ ጋር ቤት ተከራይቶ፣ በዚያው ገበያ ጤፍ እየገዛ ስለሚኖር የኑሮ ውድነት በየዕለቱ ይነካዋል፤ የእርሱ ቅሬታ ከአድማ ይልቅ በቸልተኝነት፣ በጉቦና ሥራ በመልቀቅ መልክ ይንጠባጠባል። ፖሊስ በአደባባይ አድማ የመታባቸው ሁለት የታወቁ ታሪኮች እዚህ ላይ ጠቃሚ ናቸው፤ የተፈጸሙትም በተከታታይ ዓመታት፣ እ.ኤ.አ. በ1918 እና በ1919፣ ነው። በአሜሪካ ቦስተን ከተማ 1,500 ገደማ ከነበሩት ፖሊሶች ከ1,100 የሚበልጡት በ1919 በመስከረም ወር ሥራ አቆሙ። ከተማዋ በዘረፋና በሁከት ታመሰች፣ የግዛቱ ጦር ገባ፣ ሰዎችም ሞቱ፤ አድመኞቹ ሁሉ ተባረሩ፣ ዳግመኛም አልተመለሱም። የሚያስገርመው በእነርሱ ቦታ የተቀጠሩት አዲስ ፖሊሶች ከፍ ያለ ደመወዝና ነጻ የደንብ ልብስ ማግኘታቸው ነው። ጥያቄው ትክክል ነበር ማለት ነው፤ ጠያቂዎቹ ግን አልበሉትም። በብሪታንያ በ1918 የለንደን ፖሊሶች አድማ መትተው ጭማሪ አግኝተው ነበር፤ በቀጣዩ ዓመት ምክር ቤቱ የፖሊስን የሠራተኛ ማኅበርና አድማ በሕግ ከለከለ፣ ነገር ግን በምትኩ ስለ ደመወዝና ስለ ሥራ ሁኔታ የሚነጋገር የፖሊስ ፌዴሬሽን አቋቋመ። አድማን ከልክሎ የንግግር በር አለመክፈት አንድ ነገር ነው፤ ከልክሎ በምትኩ በር መክፈት ሌላ ነው። የብሪታንያው መፍትሔ ፍጹም ባይሆንም እስከ ዛሬ ይሠራል።

በእኛም ሕግ ፖሊስና የመከላከያ ሠራዊት አባላት በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ አይሸፈኑም፤ በዚያ አዋጅ መሠረት ማኅበር የመመሥረትና አድማ የመምታት መብት የላቸውም። ይህ በብዙ ሀገሮችም ያለ ነው። ኢትዮጵያ የተቀበለችው የዓለም የሥራ ድርጅት 87ኛው ስምምነት እንኳ የመደራጀት መብት በጦር ኃይልና በፖሊስ ላይ ምን ያህል ተፈጻሚ እንደሚሆን እንዲወስኑ ለመንግሥታት ትቶላቸዋል። ስለዚህ «ማኅበር ይፈቀድላቸው» የሚለውን ጥያቄ አሁን ከማንሣት የተሻለና የቀረበ መፍትሔ አለ።

ምክሬ አንድ ነው፤ ከዕዝ ሰንሰለቱ ውጭ የሆነ፣ ተጠሪነቱ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሆነ የመለዮ ለባሾች አቤቱታ ተቀባይ ኮሚሽነር በአዋጅ ይቋቋም። የምዕራብ ጀርመን ሕግ አውጪዎች ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አዲስ ጦር ሲያደራጁ እ.ኤ.አ. በ1956 ሕገ መንግሥታቸውን አሻሽለው ያቋቋሙት ይህን ነው። ማንኛውም የጀርመን ወታደር አለቃውን ሳያስፈቅድ በቀጥታ ሊጽፍለት ይችላል፤ ኮሚሽነሩ ትእዛዝ መስጠት ባይችልም ሰነድ ይመረምራል፣ ጦር ሰፈሮችን ሳያስታውቅ ይጎበኛል፣ በየዓመቱም ለምክር ቤቱ ሪፖርት ያቀርባል። በሪፖርቱ ከጦር መሣሪያ እጥረት እስከ ሰፈሩ መጸዳጃ ቤት ድረስ ይጻፋል፤ ጀርመኖች በዚህ ደኅንነታቸው ተናጋ ሲሉ አልሰማሁም። አቤቱታ አቅራቢው ደረሰኝ የሚያገኝበት፣ ምላሹ በጊዜ ገደብ የሚሰጥበትና አቤቱታ ስላቀረበ የሚዛወር ወይም የሚቀጣ ሰው እንዳይኖር የሚከለክል ሥርዓት ከሌለ ግን መሥሪያ ቤቱ የሐሳብ መስጫ ሣጥን ሆኖ ይቀራል፤ የሐሳብ መስጫ ሣጥን ደግሞ በየመሥሪያ ቤታችን ሞልቷል።

አድማ አንዴ ከተነሣ በኋላስ? ቅሬታውን ከጥፋቱ መለየት ነው። እ.ኤ.አ. በ1917፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ በፈረንሳይ ጦር ከአጠቃላይ ክፍለ ጦሮቹ ግማሽ ያህሉ ባመፁ ጊዜ የጦሩ አዛዥ ጄኔራል ፔታን ቅጣቱንም የቅሬታውንም መፍትሔ አንድ ላይ አደረጉ፤ ከአምስት መቶ በላይ ሰዎች ሞት ሲፈረድባቸው የተረሸኑት ሃምሳ እንኳ አይሞሉም፣ ያለ ጥቅም ሰው የሚያስፈጀው ማጥቃት ቆመ፣ የዕረፍት ፈቃድ መደበኛ ሆነ፣ ምግቡ ተሻሻለ። ፍርዱ ሁሉ ፍትሐዊ ነበር ለማለት አልደፍርም። ነገር ግን ጦሩ ሳይበተን ጦርነቱን ጨረሰ። መንግሥታችን በነገሌ ያደረገው ግማሹን ብቻ ነው፤ ይቅርታ ሰጠ፣ ችግሩን ግን አልፈታም። በሌላ ዘመን ደግሞ ሌላውን ግማሽ፣ ቅጣቱን ብቻ፣ ሲደረግ አይተናል።

ይህ ምክር የማይደርስባቸው ቦታዎች አሉ። ጦሩ በዘር ወይም በፓርቲ ታማኝነት ከተከፋፈለ፣ ወይም በገዛ ሕዝቡ ላይ እንዲተኩስ እየታዘዘ ከሆነ፣ ችግሩ የአቤቱታ ሳይሆን የመንግሥት ቅቡልነት ጉዳይ ስለሆነ ማንኛውም ኮሚሽነር አይፈታውም። ሕገ ወጥ ትእዛዝን አለመፈጸምንም ከአድማ ጋር መቀላቀል አይገባም፤ የወንጀል ሕጋችን ትእዛዙ ወንጀል መሆኑን እያወቀ የፈጸመውን የበታች ራሱን ተጠያቂ ያደርገዋል፤ «ታዝዤ ነው» ማለት ነጻ አያወጣውም።

ወንድምዎን በሚመለከት፣ ኮሚሽነሩ ገና ስለሌለ ባለው መንገድ መጠቀም ይኖርበታል። አቤቱታውን በግሉና በጽሑፍ ለቅርብ አለቃው ያቅርብ፤ ቅሬታው በራሱ በአለቃው ላይ ከሆነ ለሚቀጥለው አዛዥ ወይም በተቋሙ ውስጥ ላለው የሰው ሀብትና የሥነ ምግባር ክፍል ያድርሰው። ከባልደረቦቹ ጋር በአንድ ወረቀት ላይ ከመፈረም በፊት የሕግ ባለሙያ ያማክር፤ የጋራ ፊርማ ብቻውን ወንጀል ባይሆንም ሥራ ከማቆም ዛቻ ጋር ከተያያዘ እንደ አድማ ሊተረጎም ይችላል። ስለ ምደባ፣ ስለ ስምሪትና ስለ መሣሪያ የሚገልጽ ነገር በማኅበራዊ ሚዲያ አይጻፍ፤ እውነተኛ ቅሬታ በዚህ ምክንያት ብቻ ወደ ምሥጢር ማውጣት ክስ ሊለወጥ ይችላልና። ድብደባ፣ ሕገ ወጥ እስር ወይም ሌላ የመብት ጥሰት ከደረሰበት የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን አቤቱታውን ይቀበላል። አስተዳደራዊ በደል ከሆነ የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ዘንድ መሄድ ይቻላል፤ የጸጥታና የመከላከያ አካላት ከብሔራዊ ደኅንነት ጋር በተያያዘ የሚሰጧቸው ውሳኔዎች ግን ከተቋሙ ሥልጣን ውጭ ስለሆኑ፣ አቤቱታው የሚያተኩረው በደመወዝ፣ በዕድገት ወይም በፈቃድ ጉዳይ ላይ መሆኑን በመጀመሪያው አንቀጽ ላይ በግልጽ ይጻፍ። ከእያንዳንዱ ደብዳቤ አንድ ቅጂ በጣቢያው መሳቢያ ሳይሆን በቤቱ ያስቀምጥ፤ ቅጂው ላይም የተቀባዩ ስም፣ ፊርማና ቀኑ ይኑርበት።